መቶ አሥራ ሰባተኛው መስመር

አስቀድሜ አንድ ነገር ላስታውቅህ ወዳጄ፣ እኔ በጥንቆላም፣ በዛርም፣ በሕልም ፍቺም አምኜ የማላውቅ ሰው ነኝ፣ ልጆቼንም ያሳደግሁት በዚሁ ነው፣ እገሌ ጅብ ሲሆን ታየ የሚል ወሬ በቤቴ ሲነሳ «ያየኸው ከሆነ አምጣና አሳየኝ፣ የሰማኸው ከሆነ ከሰማህበት አስቀምጠው» ብዬ አፍ አስዘጋ ነበር፣ ሸዋ ሮቢት ውስጥ የሚያውቀኝ ሁሉ ይመሰክራል። በእኛ ቆላ ሰው በቀትር መንገድ አይወድም፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትቆም አብሯት የሚቆም ነገር አለ ይላሉ፣ እኔ ደግሞ «የሮቢት ፀሐይ ረዳት አያስፈልጋትም፣ ብቻዋን ትገድላለች» እያልኩ እስቅባቸው ነበር። እንግዲህ የምነግርህ ነገር የደረሰብኝ በዚያው በቀትር ነው፣ ጨለማ አልነበረም፣ አልጠጣሁም፣ አላተኮሰኝም፣ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጬ ሥራዬን እየሠራሁ ነበር። እመነኝ፣ ልዋሽ ብል ኖሮ ራሴን ከዚህ የተሻለ ቦታ አስቀምጬ እዋሽ ነበር፣ ስትሰማው ለምን እንዲህ እንዳልኩ ይገባሃል።

ሥራዬ ኅትመት ነው። ከስድስተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም፣ የቀረውን ራሴን በራሴ አስተማርኩ፣ መጀመሪያ ከጀውሃ እስከ ከተማችን ድረስ በመንገዱ ግራና ቀኝ ላሉ ምግብ ቤቶችና ጋራዦች ስማቸውን በቀለም እጽፍ ነበር፣ ቀጥሎ የጽሕፈት መኪና ገዛሁ፣ ኮምፒውተር ወደ ከተማችን መግባት ሲጀምር ደግሞ መዝገበ ቃላቱን በግራ፣ መመሪያውን በቀኝ ዘርግቼ እንደ ቆሎ ተማሪ ስድስት ወር ሙሉ አጠናሁት። የሠርግ ካርድ፣ የምስክር ወረቀት፣ የሙት ዓመት መታሰቢያ፣ ይህ ሁሉ በእጄ ያልፋል። አንድ የጸና ሕግ ነበረኝ፣ ፊደል በዓይን ታይቶ በእጅ ይቀመጣል፣ እያንዳንዱን ስም ራሴ መርጬ፣ ራሴ አድምቄ፣ ራሴ መስመር አስይዤ ካላስቀመጥኩት ሥራ ሠራሁ አልልም ነበር።

ሰናይት የመጀመሪያ ልጄ ናት። አዲስ አበባ ሄዳ ግራፊክስ ተምራ ተመለሰች፣ ባጃጅ ከተማችን በገባበት ሰሞን ነው፣ ስትመለስ ስክሪፕት የሚሉትን ነገር ይዛ መጣች። ነገሩ እንዲህ ነው፣ ትእዛዞችን በጽሑፍ ትደረድራለህ፣ ገጽ የምታዘጋጅበት ፕሮግራም ያንን አንብቦ አንተ ቀኑን ሙሉ በማውስ የምትለፋበትን በአንድ ትንፋሽ ይሠራዋል፣ «አቶ ወይም ወይዘሮ የሚል ስታገኝ ከሱ ቀጥሎ ያለውን ስም አድምቅ፣ የቤት ቁጥሩን አሳንስ፣ በሀ ሁ ተራ አሰልፍ፣ ተራ ቁጥር ስጥ፣ ሁለት ዓምድ አድርገህ አስቀምጥ» ብለህ ሠራተኛ እንደማዘዝ ነው።

«ታዲያ ዓይኑ የት አለ?» አልኳት።

«ዓይን የለውም አባባ፣ የታዘዘውን ብቻ ነው የሚያደርገው።»

«ዓይን የሌለው ሠራተኛ ቀጥሬ አላውቅም።»

«እርስዎ አንድ ስም ለማድመቅ አራቴ ይጫናሉ፣ ሁለት መቶ ስም ቢመጣ ሲጫኑ ሊውሉ ነው?»

«እጄ ደከመኝ አላለም።»

«እጅዎማ አይደክምም፣ እያየሁ የደከመኝ እኔ ነኝ» ብላ ሳቀች።

ኮስተር አልኩባት። አባት ከልጁ ጋር መሳቅ ያለበት ጊዜ አለ፣ ያን ጊዜ ግን አባትነት ግንባርን መቋጠር ብቻ ይመስለኝ ነበር፣ አሁን ይቆጨኛል።

በዚያው ዓመት ቀበሌው እድሮች ሁሉ ደንባቸውንና የአባሎቻቸውን ዝርዝር በመጽሐፍ መልክ አሳትመው እንዲያስገቡ አዘዘ። የሰፈራችን እድር የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ነው፣ የዚያን ጊዜ ዳኛው ሀጂ ኑርዬ ነበሩ፣ እኔ ደግሞ ስም ጠሪው ነበርኩ። ስም ጠሪ ማለት በየቀብሩ ደብተር ይዞ የአባላቱን ስም የሚጠራ፣ «አለሁ» ላለ ጭረት፣ ላላለ ኤክስ የሚያደርግ ሰው ነው። ሌላ ቦታ ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ ይጠራል፣ እኛ ጋ ግን ሰው ቀብሩን እየተወ ለንፍሮው ብቻ እየመጣ ስላስቸገረ፣ አስከሬኑ ከመውረዱ በፊት እዚያው ጉድጓዱ አፍ ላይ እንጠራለን። በዓመት ሦስቴ ያለ ምክንያት የቀረ ይሰረዛል፣ የተሰረዘ ሰው ሲሞት ጥሩምባ አይነፋለትም፣ ድንኳን አይተከልለትም፣ ቃሬዛውን የሚሸከም ትከሻ ሚስቱ ወጥታ ትለምናለች። ሩቅ ላለ ሰው ቀላል ሊመስል ይችላል፣ በእኛ ዘንድ ግን ሰው ከሞቱ ይልቅ የሚፈራው ያለ ሰው መቀበርን ነው።

ሰናይት መዝገቡን ወደ ኮምፒውተር ገለበጠችና «ይቺን አንዷን በስክሪፕት ልሥራት፣ ካልወደዱት ይጥሉታል» አለችኝ። ጊዜውም አጥሮን ነበር፣ መጽሐፉ በማግስቱ ጠዋት መግባት አለበት።

«እስቲ ያ ዕውር ሠራተኛሽ ይሞክር» አልኩ።

አንዲት ቁልፍ ነካች፣ ስሞቹ እንደ ተማሪ ሰልፍ እየሮጡ ቦታ ቦታቸውን ያዙ። እውነቱን ልንገርህ፣ ቀናሁ። አሥር ዓመት ዓይኔን ያፈሰስኩበትን ሥራ ያለ አንዳች ልፋት ሠራው፣ አንድም ስም አልተንጋደደም። ስህተት ፍለጋ ጣቴን እያስኬድኩ ወረድኩ፣ ሁለተኛው ዓምድ አጋማሽ ላይ ስደርስ ጣቴ ቆመ። መቶ አሥራ ስድስት፣ ደመቀ። መቶ አሥራ ስምንት፣ ደርቤ። በመካከላቸው መቶ አሥራ ሰባት የሚል ቁጥር አለ፣ ከቁጥሩ ፊት ለፊት ግን ምንም የለም፣ ባዶ።

«ያውልሽ!» አልኩ፣ ደስ ብሎኝ።

«ስገለብጥ ባዶ መስመር አስገብቼ ይሆናል» አለችና ጽሑፉን ከፈተች። ባዶ መስመር የለም። ደመቀና ደርቤ በመዝገቡ ላይ ጎን ለጎን እንኳ አይደሉም፣ አንዱ ፊት፣ አንዱ ኋላ ነው የገቡት፣ ያገናኛቸው ስክሪፕቱ ነው። ሁለቱንም ስሞች አጥፍታ እንደ ገና ጻፈቻቸው፣ ያው። ትእዛዙን ከላይ እስከ ታች አነበበች፣ የምታወጣው ስህተት አጣች። ወደ ሌላው ኮምፒውተር ወሰደችው፣ ያው። በመዝገቡ ያሉት ስሞች ሁለት መቶ ሠላሳ ዘጠኝ ናቸው፣ ስክሪፕቱ ሲቆጥር ሁለት መቶ አርባ ይላል።

ሌላም ነገር አስተዋልኩ፣ ለሰናይት አልነገርኳትም። ስክሪፕቱ ስሞቹን ሲደረድር ይሮጣል፣ ደመቀ ጋ ሲደርስ ግን ቆም ይላል፣ ብዙ አይደለም፣ ትንፋሽ ያህል፣ ከዚያ ይቀጥላል። ደግመን ስናስኬደው ደግሞ ቆመ። እሷ «ይኼ ኮምፒውተር አርጅቷል» አለች። እኔ ግን ያቺን አቋቋም አውቃታለሁ ወዳጄ፣ የስም ጠሪ አቋቋም ናት፣ ስም ከጠራህ በኋላ «አለሁ» እስኪባል የምትጠብቃት ያቺ ናት።

የማን ቦታ እንደሆነም አወቅሁ፣ ባዶው ከደመቀ ሥር መሆኑን እንዳየሁ ነው ያወቅሁት፣ በጥሪዬ ከደመቀ ቀጥሎ ስጠራው የኖርኩት አንድ ሰው ነበር። ደምሴ ወርቁ።

ደምሴ ጎሚስታ ነው፣ ከአስፋልቱ ዳር ጎማ ይጠግናል፣ ጡንቸኛ፣ ተጫዋች፣ ዕድሜ ልኩን የጎማ ብናኝ ስለሳበ ድምፁ የሻከረ ሰው ነው። የሱቁን ስም የጻፍኩለት እኔ ነኝ፣ አንድ ቀን ታዲያ ሰው በተሰበሰበበት «ጋሼ፣ ኧረ የእርስዎ ፊደልስ ከኔ ጎማ በላይ አየር ጎድሎታል፣ ያምጡትና ልንፋው!» አለኝ። ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። እኔም የሳቅሁ መሰልኩ። ቂሜን ግን ይዤ ገባሁ፣ እግዚአብሔር የሚያውቀውን ካንተ ብደብቅ ምን ይጠቅመኛል።

ወር ሳይሞላ የሀጂ ኑርዬ ታላቅ ወንድም አብዬ ሙሄ አረፉ። የሙስሊም ቀብር አይዘገይም፣ በዚያው ቀን በቀትር ከተራራው ግርጌ ግራሮቹ ሥር ወጣን። ከጉድጓዱ የወጣው አፈር ተቆልሎ ነበር፣ እኔ ከቁልሉ ወዲህ ሆኜ ስም ጠራሁ። «ደመቀ»፣ «አለሁ»። «ደምሴ ወርቁ» አልኩ፣ ትንፋሽ ያህል ጠበቅሁ፣ ከአፈሩ ቁልል ወዲያ፣ ከታች፣ ከጉድጓዱ ውስጥ፣ በዚያ በሻከረ ድምፅ «አለሁ» የሚል ሰማሁ። ቁፋሮ ሊያግዝ ወርዶ ነው አልኩ፣ ልማዱም ነበር። አጠገቤ ያለው ሰው የሰማ አይመስልም። እርሳሴ ወረቀቱ ላይ ቆመች። በዓመቱ ሁለት ኤክስ እንዳለበት አውቃለሁ። «ስሙ የተጠራ ሰው በሚታይበት ይቁም» አልኩ በልቤ፣ ኤክስ አደረግሁ። ሦስተኛው ነበር።

በተሰረዘበት ስብሰባ አልመጣም። ከአንድ ወር ከምናምን በኋላ እግሩ ተሰብሮ ከደብረ ሲና በመኪና ተጭኖ ሲመጣ አየሁት፣ ከቀብሩ በኋላ ሄዶ የደረሰበት ነው ብዬ ደመደምኩ፣ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁና። ሦስት ዓመት አለፈ። መጽሐፉን በምንሠራበት ሰሞን ደግሞ ያ እግሩ አመርቅዞ መተኛቱን ሰምቼ ነበር። እንግዲህ ነገሩ ይህ ነው፣ ይህ መጽሐፍ ታትሞ ከገባ ያ ሰው ነገ ከነገ ወዲያ ቢሞት ሬሳው ላይ የሚቆም እድርተኛ የለም፣ ይህን የሠራው የእኔ እርሳስ ነው።

ያን ዕለት ግን ልቤ አልተመለሰም። ሰናይትን «አንቺ ምሳሽን ብዪ፣ እኔ በእጄ እሠራዋለሁ» ብዬ ወደ ቤት ሰደድኳት። የዚያን ገጽ ስሞች አንድ በአንድ አድምቄ፣ አንድ በአንድ አሰልፌ በገዛ እጄ ስሠራው ምን ሆነ መሰለህ? ክፍተቱ ጠፋ። ደመቀ መቶ አሥራ ስድስት፣ ደርቤ መቶ አሥራ ሰባት፣ ስፌቱ እንኳ አይታይም። እፎይ አልኩ፣ እፎይ ማለቴ ግን ወዲያው አሳፈረኝ። ያ ዓይን የለውም ያልኩት ነገር የጎደለውን ሳይዘል ይቆጥራል፣ ዓይን ያለው የኔ እጅ ግን ጉድጓዱን ደፍኖ ያሳምራል። ማሽን ይሉኝታ አያውቅም፣ ቂምም አያውቅም።

ሰዓቱ ስድስት ተኩል ይሆናል። ሮቢት በዚያ ሰዓት እንዴት እንደምትሆን ታውቃለህ፣ ውሻው ከበረንዳው ሥር ገብቷል፣ አስፋልቱ ላይ ከባድ መኪና እንኳ አያልፍም። መብራቱ ድርግም ብሎ ቬንትሌተሩ እየተንቀራፈፈ ቆመ፣ ኮምፒውተሩ በባትሪው ቀረ። ጸጥ ሲል ነው የሰማሁት፣ ፍቅ፣ ፍቅ፣ አካፋ አፈር ሲገፋ የሚያሰማውን ድምፅ። ጎረቤት ቤት እየሠራ ይሆናል አልኩ፣ በዚያ ፀሐይ ግን ማንም አይቆፍርም። ተነሥቼ በመስኮት አየሁ፣ መንገዱ ባዶ ነው። ተመልሼ ተቀመጥኩ፣ ፍቅ፣ ፍቅ፣ አሁን ከውጭ አይደለም፣ ከጠረጴዛዬ ሥር፣ ከሲሚንቶው በታች ነው።

ለምን እንዳደረግሁት አላውቅም፣ የሰናይትን ስክሪፕት ከፈትኩና ቁልፏን ነካሁ። ስሞቹ ሮጡ። ደመቀ ጋ ደረሰ፣ ቆመ። የሲሚንቶው ሥር ድምፅም አብሮ ቆመ። ጠበቅሁ፣ አልቀጠለም፣ ትንፋሽ ያህል አለፈ፣ ሁለት ትንፋሽ አለፈ፣ አልቀጠለም። እኔም እንዲያው አፌ ከለመደው ነገር የተነሳ፣ ሃያ ዓመት በየጉድጓዱ አፍ ስጠራ እንደኖርኩት፣ ጮክ ብዬ ጠራሁ።

«ደምሴ ወርቁ!»

«አለሁ።»

ከታች ነው። ከእግሬ ሥር። የሻከረ፣ የታፈነ፣ በላዩ ከባድ ነገር እንዳለበት ሰው ድምፅ። ወዲያው ስክሪፕቱ ቀጠለ፣ ደርቤ፣ ደስታ፣ እያለ እስከ ሁለት መቶ አርባ ሮጠ፣ ከመቶ አሥራ ሰባት ፊት ለፊት ግን ያው ባዶ ነው።

እንዴት እንደወጣሁ አላስታውስም፣ የሱቄን በር ሳልዘጋ መሄዴን የነገረችኝ ኋላ ሰናይት ናት። አስፋልቱ ዳር አንድ ባጃጅ ውስጥ ሹፌሩ እግሩን ሰቅሎ ተኝቷል፣ ቀስቅሼ ገባሁ።

«ጋሼ፣ በዚህ ፀሐይ ማን እያባረረዎት ነው?» አለኝ።

«ዝም ብለህ ንዳ።»

«ፊትዎ አመድ መስሏል እኮ፣ ውኃ ይጠጡ...»

«ንዳ አልኩህ!»

ደምሴ ቤት ስደርስ ሚስቱ እትዬ አስካለ በሩ ላይ ነበሩ። ሦስት ዓመት ሙሉ ያን በር ረግጬው አላውቅም፣ ሲያዩኝ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ፣ ግቡ ለማለትም ሂዱ ለማለትም የቸገራቸው መሰለኝ፣ እኔም ሳልጠብቅ ገባሁ። ደምሴ አልጋ ላይ ነው፣ ያ ሁሉ ጡንቻ ሟሙቶ አጥንት ቀርቷል፣ ዓይኑ ግን የዱሮው ነው።

«ጋሼ! ፊደል ሊያስነፉ መጡ?» አለኝ።

ከአልጋው ጠርዝ ተቀመጥኩ። አንድም ነገር ሳላስቀር ነገርኩት። «አብዬ ሙሄ የተቀበሩ ዕለት ነበርክ፣ ጉድጓድ ውስጥ ሆነህ አለሁ ስትል በጆሮዬ ሰምቼሃለሁ፣ ሰምቼ ነው ኤክስ ያደረግሁብህ፣ በቂም ነው፣ ይቅር በለኝ» አልኩት።

ደምሴ ሚስቱን አየ፣ እኔን አየ። «የምን ጉድጓድ? እኔ ቀብሩ ላይ አልነበርኩም።»

«ደምሴ፣ እኔን ለማዳን ብለህ አትዋሽ።»

«ምን አስዋሸኝ ጋሼ? አልነበርኩም። ሌሊቱን ከደብረ ሲና ወዲያ ዳገቱ ላይ አውቶብስ ጎማ ፈንድቶበት መጥተው ወሰዱኝ፣ መርዶውንም አልሰማሁ። እግሬም የተሰበረው ያን ዕለት ነው።»

«ያን ዕለት?»

«ያን ዕለት በቀትር። አውቶብሱ ሥር ገብቼ እያለሁ ማንሻው ጃክ ሸርተት አለና መኪናው ተቀመጠብኝ። እግሬን ያዘኝ፣ ደረቴን ተጫነኝ፣ ዓይኔ ጨለመ። ሞቻለሁ ብዬ ተኛሁ። ከዚያ ከላይ ሰው ጠራኝ፣ ደምሴ ወርቁ ብሎ፣ ከነአባቴ ስም፣ ረጋ ብሎ...» እዚህ ላይ አተኩሮ አየኝ፣ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አለሁ አልኩ። ሹፌሩ ያቺን ሰምቶ ነው በሕይወት መኖሬን ያወቀ፣ ሰው ጠርቶ አንሥተው አወጡኝ። ኋላ ሐኪም ቤት ሊጠይቀኝ ሲመጣ እግዜር ይስጥህ፣ ባትጠራኝ ኖሮ ቀርቼ ነበር አልኩት። ስምህን ከየት አውቄ እጠራሃለሁ አለኝ።»

እንዴት ብዬ ልንገርህ ወዳጄ፣ በአንድ አፍ ጠርቼ አወጣሁት፣ በአንድ እጅ ሰረዝኩት፣ ሁለቱንም በአንዲት ትንፋሽ ውስጥ።

«ታዲያ ለምን ለእድሩ አልተናገርክም?» አልኩት በመጨረሻ። «ሰው እግሩ ተሰብሮ ተኝቶ ማን ይሰርዘዋል?»

«መጥቶ የጠየቀኝ ሰው ሲኖር አይደል የምናገር?» አለ። ቁጣ የለበትም፣ ዝም ብሎ ነው የተናገረው፣ ያ ነው የባሰብኝ። «እድሬ ሰርዞኛል የሚለውን ሐኪም ቤት ሆኜ ሰማሁ። እሺ፣ ይሁን፣ አልኩ። አሁን የሚያስጨንቀኝ የሷ ነገር ነው፣ ብቻዋን ሬሳዬን ይዛ የት ትገባለች እያልኩ።»

እትዬ አስካለ ያኔ ነበር አፋቸውን የከፈቱት። «ዛሬስ ማን ነበር?» አሉ።

«ምኑ?»

«አሁን በቀትር፣ እርስዎ ከመምጣትዎ በፊት። እንቅልፍ ወስዶት ነበር፣ ድንገት በእንቅልፍ ልቡ 'አለሁ!' ብሎ ተነሣ። ማን ጠራህ ስለው ጠሩኝ ይላል። ውጭ ወጥቼ ባይ ሰው የለም፣ በር ላይ ቆሜ የጠበቅሁት እኮ የጠራው ሰው ይመጣል ብዬ ነው። እርስዎ መጡ።»

ከዚያ ቀጥታ ሀጂ ኑርዬ ዘንድ ሄድኩ፣ ከዙህር ሰላት ወጥተው መስጊዱ በር ላይ ጫማቸውን ሲያደርጉ አገኘኋቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ቂሜን፣ ኤክሷን፣ ድምፁን። የወንድማቸው መቃብር ነውና ይቆጣሉ ብዬ ነበር። ጢማቸውን ጨበጡ።

«ያን ቀን ጉድጓዱ ውስጥ ሰው አልነበረም» አሉ። «ቆፋሪዎቹን ጨርሳችሁ ውጡ ብዬ ያወጣኋቸው እኔው ነኝ። ስም ስትጠራ ጀናዛውን ለማውረድ አፉ ላይ ቆሜ ወደ ውስጥ እያየሁ ነበር። ባዶ ነበር። ሱብሃነላህ።»

«ታዲያ የሰማሁት ምንድነው ሀጂ?»

«እሱን አላህ ያውቃል። እኛ የምናውቀው እግሩ ተሰብሮ የተኛ ወንድማችንን ሳንጠይቅ መሰረዛችንን ነው፣ ይኼ ደግሞ ያንተ ኤክስ ብቻ አይደለም፣ የሁላችንም ነው።» ያን ዕለት አሥር ሰዓት ላይ ሽማግሌዎቹን ሰበሰቡ፣ ደምሴ ተመለሰ፣ ያኔውኑ አምስት ሰው ሊጠይቀው ሄደ። እኔ ስም ጠሪነቱን ላስረክብ ብዬ ደብተሩን ሳቀርብ ሀጂ ኑርዬ በእጃቸው መለሱት። «አትለቅም» አሉ። «ቅጣትህ መጥራት ነው። ከእንግዲህ ግን ሰምተህ ጻፍ።»

ሱቅ ስመለስ ሰናይት በፍርሃት ደርቃ ቆማለች፣ በሩ ክፍት፣ አባቷ የለም፣ መብራቱ ተመልሶ ኮምፒውተሩ በርቷል። «ደምሴ ወርቁ ብለሽ ጨምሪና በስክሪፕቱ ሥሪው» አልኳት። ጻፈች፣ ቁልፏን ነካች፣ ስሞቹ ሮጡ፣ ደመቀ ጋ ሲደርስ አልቆመም፣ ደምሴ ወርቁ መቶ አሥራ ሰባት ላይ ልክ እንደተሰፋለት ልብስ ገባ፣ ሁለት መቶ አርባ ላይ አለቀ።

«አባባ፣ ምን ነበር ስህተቱ?» አለችኝ። ስክሪፕቷን እኮ አልነካችውም፣ አንዲት ፊደል አልቀየረችም።

«ስህተቱ የኔ ነበር» አልኳት። ልጄ ይህን ቃል ከአፌ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው፣ ከስክሪፕቱ ይልቅ እሱ ሳያስደንቃት አልቀረም። ከዚያ ወዲህ የስም ዝርዝር በእጄ ሠርቼ አላውቅም፣ ልጆች ያላችሁም ስሙኝ፣ ልጅ ያመጣውን ዕውር ነው ብላችሁ አትናቁ፣ እናንተ ሆን ብላችሁ ያላያችሁትን ያይ ይሆናል።

ደምሴ እግሩ ተቆርጦ ዳነ፣ አራት ዓመት ኖረ፣ በፊደሌም እየቀለደ ኖረ። ሲያርፍ ጥሩምባው ተነፋ፣ ድንኳኑ ተተከለ፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ተሸከመው፣ ጉድጓዱ አፍ ላይ ስም ስጠራ ጆሮዬን ወደ ታች ጥዬ ነበር፣ ምንም አልሰማሁም። ነገሩ እዚያ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለኝ።

እድራችን ውስጥ የኔን ስም የሚጠራ ሰው የለም፣ ጠሪው እኔ ስለሆንኩ ጭረቴን ራሴ አድርጌ አልፋለሁ። ታዲያ ካለፈው ዓመት ጀምሮ በቀትር ጋደም ስል፣ እንቅልፍና ንቃት መካከል ስሆን፣ ሰው ይጠራኛል፣ ከነአባቴ ስም፣ ረጋ ብሎ፣ ከጠራኝም በኋላ ትንፋሽ ያህል ይጠብቃል። ሚስቴ «አልጠራሁህም» ትላለች፣ ሰናይትም እንዲሁ። ዝም ብዬ ልተኛ፣ አልመልስም ብዬ ነበር፣ ግን ደምሴ ባይመልስ ኖሮ ከዚያ አውቶብስ ሥር አይወጣም ነበር። ስለዚህ «አለሁ» እላለሁ። ድምፄ የት ቦታ፣ ከየትኛው ጉድጓድ እንደሚሰማ አላውቅም። እዚያ እርሳስ የያዘው ሰው ከኔ ጋር ቂም ይኑረው አይኑረውም አላውቅም።